የእታለም አራት ልጆች

ሰው በመዘገብኩ ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ያለው የዘር ሐረግ ፕሮግራም የሚያቀርብልኝ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። የልጆች ብዛት ትላለች። ከልጆቹ ዝርዝር ለብቻዋ የተቀመጠች ናት፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳያስገቡ ቁጥሩን ብቻ ጽፎ ማለፍ ይቻላል። "ተወልደው ስማቸው የጠፋ ልጆች ሲያጋጥሙሽ ነው የምትጠቅምሽ" ብሎ ወንድሜ ከባሕር ዳር በስልክ አስረዳኝ። መዝገብ ቤት ስሠራ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ሳጥን አሞላል ከማንም አልማርም ብዬ ዘጋሁበት። እኔ እንዲህ ነኝ። ቶሎ እቆጣለሁ፣ ቶሎም ይበርድልኛል፤ ቂም ግን እይዛለሁ። ይኸን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፣ ኋላ ሲመጣ ማንም እንዳይገረም።

ነገሩ የመጣው በአያታችን በአባባ የሰባት ዓመት ተዝካር ምክንያት ነው። ዘመድ ከየአለበት ደብረ ታቦር ሊሰበሰብ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ የአያታችን ዘር በሙሉ በአንድ ሰፊ ወረቀት ታትሞ ዳሱ ውስጥ ይሰቀል አለ። ድሮ ሽማግሌ ሰባት ቤት በቃሉ ይቆጥር ነበር። ማን ከማን እንደሚጋባና እንደማይጋባ ወረቀት ሳያይ ይናገር ነበር። አሁን ሽማግሌዎቹ እያለቁ ነው፤ ወጣቶቹም ከጉና ወርደው ከተማ ገብተዋል፣ ገሚሶቹም ዐረብ አገር ናቸው። "የአክስትና የአጎት ልጆች አንድ ባጃጅ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ይወርዳሉ" አለኝ ወንድሜ። እውነቱን ነው። አሮጌ ላፕቶፑን ከነፕሮግራሙ በሚኒባስ ላከልኝ። በቤተሰባችን ወረቀት የሚነካ ሥራ ሁሉ የኔ ስለሆነ፣ እሺ ትያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ዛፉን ማቆም ቀላል ነበር። ከላይ አያታችን፣ ከሥራቸው አምስቱ ልጆቻቸው፣ ከዚያ እኛ የልጅ ልጆች፣ ከኛ በታች ደግሞ የኛ ልጆች። ያስቸገረችኝ ያቺ ትንሽ ሳጥን ናት።

በኛ አገር ልጅ አይቆጠርም። እህል ይሰፈራል፣ ቀን ይቆጠራል፤ ልጅ ግን ስንት ተብሎ አይነገርም፣ ቁጥር ዓይን ይጠራልና። ጋፋት በኩል የሚኖር አንድ ዘመዳችንን ስንት ልጆች አሉህ ብዬ ብጠይቀው ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ "የሰጠኝ ያውቃል" አለና ወደ እርሻው ዞረ። ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰችው የአክስቴ ልጅ፣ ፕሮግራሙን ከኔ ፈጥና የምትረዳው፣ "ሁለት" ካለች በኋላ ደንግጣ "እትፍ እትፍ" አለች። አንዲት አሮጊት ደግሞ "ይበቁኛል" ብቻ አሉ። ይበቁኛል የሚል ቁጥር ፕሮግራሙ አይቀበልም።

ቀስ በቀስ ዘዴው ገባኝ። ስንት ተብሎ አይጠየቅም። "በኩርዎ ማነው?" ይባላል። "ተከታዩስ? ከሱ በታችስ ማን መጣ?" እናትየዋ የትኛው በሆዷ ሳለ እንደተራገጠ፣ የትኛው ጥርስ ሲያወጣ እንዳስቸገራት እያወራች ትወርዳለች፤ እኔ ነጠላዬ ሥር ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፋለሁ። ቤቷን ለቅቄ ስወጣ ቁጥሩ በእጄ ነው፣ እሷም አልቆጠረችም። ሳላስቸግራቸው በግልጽ የነገሩኝ ቄስ አጎቴ፣ የእናቶቼ ወንድም፣ ብቻ ናቸው። "ዘጠኝ" አሉ። "ስድስቱ እዚህ፣ ሦስቱ እዚያ።" እዚያ ሲሉ በአገጫቸው የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ አሳዩኝ። ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ።

የእናቶቼ ወንድም ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፤ ሁለት እናት አለኝ። የወለዱኝ እታለም ናቸው። ያሳደገችኝ ታናሽ እህታቸው ናት፤ እሷን እምዬ እላታለሁ። እምዬ ደብረ ታቦር አግብታ ብዙ ዓመት ልጅ አጣች። ጠበል ተጠመቀች፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዳ ሰነበተች፣ አድርጊ የተባለችውን ሁሉ አደረገች። ታላቅ እህቷ እታለም ደግሞ ጉና ሥር፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ብርዳም አገር፣ በአራት ልጆች ላይ እኔን አምስተኛ ወለዱ። ጡት በጣልኩ ሰሞን በበቅሎ ይዘውኝ ወረዱና ለእህታቸው ሰጡኝ። እምዬም ባሏም አለቀሱ ይባላል። እኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ።

የተደበቀብኝ ነገር አልነበረም። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ከማን እንደተወለድኩ አውቃለሁ። እምዬ ታላቅ እህቷን እታለም ብላ ስትጠራ እየሰማሁ ስላደግኩ እኔም የወለዱኝን እናቴን እታለም ብዬ ቀረሁ። እምዬን አንቺ እላታለሁ፣ እታለምን አንቱ። ማንም እንዲህ በይ ብሎ አላስተማረኝም፣ አፌ በራሱ መንገዱን ይዞ ሄደ እንጂ።

ትምህርት ሲዘጋ ጉና እወጣ ነበር። እኔ ስመጣ አጎዛ ይነጠፋል፣ ማር ይወጣል። ወንድሞቼና እህቶቼ ውሃ ቅዱ፣ እንጨት ልቀሙ፣ በጎቹን መልሱ ሲባሉ እኔ "አንቺ ተቀመጭ" እባላለሁ። እነሱ ቀኑን ሙሉ ይሰደባሉ፣ ይቆነጠጣሉ፤ እኔን ግን እታለም አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ወንድሞቼ በዚህ ይቀኑብኝ ነበር። እኔ ደግሞ በነሱ እቀና ነበር። ልጅ ሞኝ አይደለም፤ ሰው የሚቆጣው የራሱን ልጅ እንደሆነ ያውቃል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ሆን ብዬ እንስራ ሰበርኩ። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ለቀቅኩት፤ ውሃው እስከ ምሰሶው ድረስ ፈሰሰ። አሁን ይጮሁብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ስጠብቅ፣ እታለም "ሸክላ አይደል፣ ሸክላ ይሰበራል" አሉ። ከዚያ ወደ ታላቅ እህቴ ዞረው "ምን ቆመሽ ታያለሽ፣ አንቺ ደንቆሮ! ስብርባሪውን አንሽላት እንጅ፣ እግሯን እንዳይወጋት!" ብለው ጮሁ። የሰበርኩት እኔ፣ ቁጣው ለእሷ። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ለምን ታለቅሻለሽ የሚለኝ ቢኖር ኖሮ ምን እንደምመልስ እንጃ።

እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬም፣ ሁለት ልጆች ወልጄ አሳድጌም (እትፍ እትፍ)፣ ያቺ ነገር አልለቀቀችኝም ነበር። እታለም ልጆቻቸውን በልባቸው ሲቆጥሩ እኔ አለሁበት ወይስ የለሁበትም? ማወቅ የምፈልገው ይኸን ብቻ ነው። ለመጠየቅ ግን ሰበብ አልነበረኝም፤ ደርሶ ከመሬት ተነስቶ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል እንዴ? አሁን ፕሮግራሙ ሰበብ ሆነልኝ። እኔ አይደለሁም የምጠይቀው፣ ሳጥኗ ናት።

መጀመሪያ ከቤቴ ጀመርኩ። ያሳደጉኝ አባቴ ካረፉ ወዲህ እምዬ ከኔ ጋር ናት። በዘዴዬ "በኩርሽ" ብዬ ስጀምር አላስጨረሰችኝም።

"አንድ!" አለች። "አንድ ብለሽ ጻፊ። ጎላ ይበል።"

ላሟ ስትወልድ እንኳ ጥጃውን ለጎረቤት ሳታሳይ የምትከርም እምዬ፣ የኔን ቁጥር ስትናገር አትፈራም። አንድ ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ለማደጎ ልጅ የተለየ መስመር አለው፤ ነጠብጣብ ነው። ከእታለም ወደ እኔ ድፍን መስመር ወረደ፣ ከእምዬ ወደ እኔ ነጠብጣብ። እምዬ ፊደል አትለይም፤ መስመር ግን ታያለች። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ "ይኸ የኔው ምነው ተቆራረጠ?" አለችኝ።

"ላፕቶፑ አርጅቶ ነው" አልኳት።

"አይ፣ እንዲያ ከሆነ ይሁን" አለች። በዓይኗ ግን ብዙ ጊዜ ወደዚያው ተመለሰች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ወደ እታለም ወጣሁ። መንገዱ እስኪያልቅ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ጉና ላይ የሚነፍሰው ንፋስ ጋቢ አልፎ አጥንት ይነካል፤ ላፕቶፑን ትቼ ደብተር ብቻ ነበር የያዝኩት። ስወጣ ሁሉ የምጠይቀውን በልቤ እለማመድ ነበር። ከተማ ያለችውን አለቃዬን ስብሰባ ላይ ስሞግት ያልጠፋብኝ ቃል እዚያ ዳገት ላይ ጠፋብኝ። ዳገቱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እታለም ማሳቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ድንች ሲያወጡ አገኘኋቸው። ሰባውን አልፈዋል፤ መቆፈሪያውን ግን ለማንም አይሰጡም። እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን አንጥፈው ድንበሩ ላይ አስቀመጡኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በዘዴ መጠየቁን ተውኩት። ቁጥሩን ከአፋቸው መስማት ፈልጌ ነበር።

"እታለም፣ ለአባባ ተዝካር ወረቀቱን እየሞላሁ ነው። ስንት ልጆች አሉዎ?"

ቀና እንኳ አላሉም። "አራት" አሉ።

"ስንት?"

"አራት ነው እንጅ። ለዚህ ነው ጉና ድረስ የመጣሽው?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ከድንቹ ላይ አፈሩን እያራገፉ ዘንድሮ ውርጩ እንዴት እንደጎዳቸው ያወሩልኝ ጀመር።

አራት ብዬ ጻፍኩ። በጣም ስለጫንኩት እስኪብርቶው ወረቀቱን ቀደደው። ታላቅ ወንድሜ አለ፣ እንስራውን ያነሳችልኝ እህቴ አለች፣ ባሕር ዳር ያለው አለ፣ ከሱ በታች ያለችው አለች። አራት። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ እኔ ካልተቆጠርኩ። ስሰናበት ድንች በማዳበሪያ ሞልተው አሸከሙኝ። ኩርፊያዬ ድንቹን ጥሎ እስከ መሄድ አላደረሰኝም፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት ተሸክሜው እያለቀስኩ ወረድኩ።

ወንድሜ ያለኝ ትዝ አለኝ። ስሙ የጠፋ ልጅ ሲያጋጥም ቁጥሩን ብቻ ጻፊ ብሎኛል። የኔ ነገር ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ስሜ አለ፣ ቁጥሬ የለም።

ቤት ገብቼ በእታለም ሳጥን ውስጥ አራት ብዬ ስጽፍ ፕሮግራሙ ቀይ ምልክት አወጣ። የተጻፈው ብዛት ከተዘረዘሩት ልጆች ያንሳል፣ እባክሽ አንዱን አስተካክይ ነው የሚለው። አራትን አምስት ማድረግ የአንድ ጣት ሥራ ነበር። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፤ ራሴን አወጣሁ። ከእታለም ወደ እኔ የወረደውን ድፍን መስመር ነካ አድርጌ ሰረዝኩት። ቀዩ ወዲያው ጠፋ። ከእምዬ ሥር በነጠብጣብ ብቻ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ፕሮግራሙ የየሳጥኑን ቁጥር ደምሮ ከታች የአያታችን የልጅ ልጆች ሃያ ሁለት ብሎ አሳየኝ። ልክ ነው፣ ሃያ ሁለት ነን። አንድም ስሕተት የሌለበት መዝገብ ሆነ፤ እንደዚያ ቀን ግን መዝገብ አስጠልቶኝ አያውቅም።

ሦስት ቀን ከሰው አልተነጋገርኩም። እምዬ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ሻይ እያፈላች ታመጣልኝ ነበር። "ጉና ብርድ መትቶሻል" አለችኝ። "አዎ፣ ብርድ ነው" አልኳት።

በአራተኛው ቀን ወንድሜ ደወለ። ፋይሉን በኢንተርኔት ሁለታችንም እናየዋለን።

"አንቺ ከእናታችን ሥር የት ጠፋሽ?"

"አራት አሉኝ።"

"ሁልጊዜ አራት ነው የምትለው" አለኝ። "ቀበሌ ሲመዘግብም፣ ሰው ሲጠይቃትም። ልጆች ሳለን እህታችን ሰው ፊት 'አምስት ነን እኮ' ብላ አርጩሜ ጠጥታለች።"

"ይኸን የምትነግረኝ እንድጽናና ነው?"

"እኔ እንጃ። እሷን ጠይቂያት።"

ዘጋሁበት። በዚህ ሥራ ምክንያት ሁለተኛዬ ነው።

ተዝካሩ አራት ቀን ሲቀረው እታለም ሥራ ለማገዝ ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እምዬ ገበያ ወጥታለች፣ እኔና እታለም ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ምስር እንለቅማለን። እንክርዳዱን በአንድ በኩል፣ ድንጋዩን በሌላ በኩል። እሳቸው እንደ ድሮው ይስቃሉ፣ ስለ በጎቻቸው ያወራሉ። እኔ አዎና አይደለም እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ ሳላያቸው፣ ዓይኔን ምስሩ ላይ እንዳደረግኩ፣ አመለጠኝ።

"እታለም፣ እኔን ለምን አይቆጥሩኝም?"

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

"ማን ነገረሽ?"

"እርስዎ ነዎት። አራት አሉኝ።"

አንዲት ጠጠር አንስተው በጣታቸው ሲያሽከረክሩ አይቻለሁ፣ ሳይጥሏት።

"አንቺን ለእህቴ በሰጠሁ በዓመቱ" አሉ፣ "እዚሁ ከተማ ክርስትና ተጠርተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ አንቺን አዝላለች። አንዲት ሴትዮ ስንት ወለድሽ አለችኝ። አምስት አልሁ። ምን ልበል፣ አምስት ነው የወለድሁ። ሴትዮዋ ወደ እህቴ ዞር አለችና 'አንቺስ?' አለቻት።"

ጠጠሯን ጣሉ።

"'የለኝም' አለች። በጀርባዋ አዝላሽ፣ እጅሽ አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ፣ 'የለኝም' አለች። አየሽ፣ እኔ አምስት ካልሁ ለእሷ ምን ይተርፋታል? ሰጠሁ ብየ አልሰጠሁም ኖሯል። ልጅቱን ሰጥቸ ቁጥሯን ይዠ ነው የቀረሁ። የዚያን ዕለት ለራሴ ማልሁ። ከዚያ ወዲህ ለሰው አምስት ብየ አላውቅም። መቆጣቱንም ለእሷ ተውሁላት፤ እሱም የእናት ነውና።"

የማዝነው ለማን እንደሆነ ጠፋኝ። ለእምዬ፣ ለእታለም፣ ወይስ ለዚያች በሰው ጀርባ ላይ ሆና ሁለቱንም ለሰማች ሕፃን። "እኔ እኮ የረሱኝ መስሎኝ ነበር" አልኩ። ድምፄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

"እረሳሻለሁ?" አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። "የምረሳቸውስ አራቱን ነው፤ አጠገቤ ስላሉ። አራት ባልሁ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ወዳንች ነው። አንች ሳትታሰቢኝ አንድ ቀን አራት ብየ አላውቅም፣ ልጀ።"

ልጀ ብለውኝ አያውቁም ነበር። አቀፍኳቸው። አንዳችን በጉልበታችን ሰፌዱን መታነውና ምስሩ ተደፋ፤ ማን እንደመታው አላውቅም። አፈርና ጭስ፣ በግ በግ ይሸታሉ። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ተጠግቻቸው ስለማላውቅ ሽታቸውን አላውቀውም ነበር።

ፊታቸውን በነጠላቸው ከጠረጉ በኋላ ክንዴን ያዙኝ። "ወረቀቱ ላይ አራት ብለሽ ተይው። ዳስ ውስጥ ይነበባል አይደል? እህቴ ቁጭ ብላ አምስት ሲባል እንዳትሰማ። በሞቴ።"

"እሽ" አልኳቸው።

እምዬ ከገበያ ስትመለስ ሁለታችን መሬት ላይ በጉልበታችን ምስር ስንለቅም አገኘችን። "ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ ሰፌድ መያዝ አቃታችሁ?" ብላ ተቆጣችን። የሁለታችንንም ዓይን አየችና ቁጣዋን ሳትጨርስ ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ ወረቀቱን ማተሚያ ቤት ወስጄ እንደነበረ አሳተምኩት። እታለም አራት፣ እምዬ አንድ። አራት የሚለውን ሳየው በዚያ ቀን አላመመኝም። እንዲያውም ከተጻፉት ቁጥሮች ሁሉ እኔ ያለሁበት እሱ መሰለኝ።

በተዝካሩ ዕለት ጸሎቱ ካለቀ፣ ሰውም ከተቀመጠና እህል ከቀመሰ በኋላ፣ ቄስ አጎቴ ከተሰቀለው ወረቀት ፊት ቆሙ። መነጽራቸውን አደረጉና ከላይ ጀምረው እያነበቡ ወረዱ። ራሳቸው ጋ ሲደርሱ "ዘጠኝ! ስድስቱ እዚህ፣ ሦስቱ እዚያ" አሉ፤ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ጨምረው ማለት ነው። ሰው ሳቀ። ወጣቶቹ ስማቸው ሲነሳ ተነስተው ይታያሉ፣ የማይተዋወቁት ይተዋወቃሉ። ወንድሜ ያሰበው ሆነለት። ከዚያ እታለም ጋ ደረሱ።

"የልጆች ብዛት፣ አራት።"

እታለም አንገታቸውን አቀረቀሩ።

"ቀጥሎ" ብለው ወደ እምዬ አለፉ፣ "የልጆች ብዛት፣ አንድ።"

እምዬ ወጥ የያዘ ድስት ተሸክማ ከዳሱ መግቢያ ቆማ ነበር። ድስቱን መሬት አስቀመጠችው።

"ቆይ" አለች። "ተሳስቷል።"

እታለም የፈሩት መጣ ብዬ፣ ምኑ እንዳስቀየማት እንኳ ሳላውቅ ልሮጥላት ተነሳሁ።

"እታለም አምስት ነው የወለደች። አራት ያለ ማነው?"

"ራሳቸው ናቸው ያሉት" አልኩ።

"እሷ እንደሆነችማ አውቃለሁ። ስትል እየሰማሁ ነው የኖርሁ።" ወደ እህቷ ሄደች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። እታለም ፊት ስትደርስ ቁልቁል እያየቻቸው ቆመች፣ ታናሽ ሆና እንደ ታላቅ። "እታለም፣ ያን ጊዜ የለኝም ያልሁ ጠልቸ አይደለም፣ ደንግጨ ነው። አምስት ስትይ ነገ መጥተሽ የምትወስጅብኝ መሰለኝ። ልጅ ነበርሁ። አሁን አርጅቻለሁ፤ ማንም አይወስድብኝም። በይ ተናገሪ።"

እታለም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እኔ አጠገባቸው ብሆንም አልነካኋቸውም፤ ይኸ የሁለቱ ነበር። ከዳሱ ኋላ የሚያለቅስ ሕፃን ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"አምስት" አሉ እታለም። ድምፃቸው ከነጠላው አልወጣም።

"ስንት?" አሉ ቄስ አጎቴ፣ ጆሯቸው ደከም ብሏል።

"አምስት!" አሉ እታለም ጮክ ብለው። ለዚያ ሁሉ ሰው፣ ዓይኑንም አፉንም ሳይፈሩ፣ ደገሙት። "አምስት ናቸው!"

"አንዷ እኔ ጋ ናት" አለች እምዬ፣ እጄን ይዛ።

ከዚያ በኋላ ስንቱ እንደተላቀሰ አልናገርም፤ ተዝካር ስለሆነ ለማን እንደሚለቀስም ማንም አልጠየቀም። እስኪብርቶ አውጥቼ አራትን አምስት አደረግኩት። እምዬ ከጎኔ ቆማ ያን የተቆራረጠ መስመሯን በጣቷ ተከትላ ቁጥሯን አገኘችው። "ይኸን እንዳትነኪ" አለችኝ። "አንድ እንደሆነ ይቅር።"

ዘመድ ከተበተነ በኋላ ላፕቶፑን ከፍቼ ሁሉንም አስተካከልኩ። እታለም አምስት፣ እምዬ አንድ። መስመሮቹንም ሁለቱንም ድፍን አደረግኳቸው፤ ፕሮግራሙ ትንሽ አንገራግሮ ተቀበለኝ።

በነጋታው ወንድሜ ደወለ።

"ድምሩን አይተሽዋል?" አለኝ። "የአያታችን የልጅ ልጆች ሃያ ሁለት ነን። ይኸ ሃያ ሦስት ይላል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።"

"አውቃለሁ፤ ተወው።"

"ማነው ግን?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።